የተኙትን የሚከትበው ዘካሪያስ

ዘካሪያስ መሞቱን የሰማሁት ከእንቅልፍ ተቀስቅሼ ነው። ኑሮውም ሥራውም ጸሎቱም የጋራ በሆነበት በማኅበራችን፣ ከምሳ በኋላ ሁሉም ሰው አንድ ሰዓት ያህል ጋደም ይላል፤ ወጥ ቤቱ ጭር ይላል፣ የብየዳ ቤቱ ይዘጋል። በዚያ ማክሰኞ እኔ በሕልሜ የውኃ ጉድጓዱን ክዳን ከፍቼ ወደ ውስጥ እያየሁ ነበር። ውኃው በጣም ቅርብ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። አንድ ሰው ስሜን ሲጠራ ድምፁ ከታች፣ ከውኃው የመጣ መሰለኝ።

የጠራኝ የዝይ ቤቱ ኃላፊ ፊሊፕ ነበር። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«አጎት ዮርግ፣ ተነስ እስቲ።»

«ምነው?»

«ዘካሪያስ አሳማ ቤት ተቀምጧል።»

«በዚህ ሰዓት ሁልጊዜም እዚያ ነው። ለዚህ ነው የምትቀሰቅሰኝ?»

«ተቀምጧል፣ ግን አይመልስልኝም» አለ ፊሊፕ። ቀጥሎም «ዓይኑን እኔ ከደንኩለት» አለ።

ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። በረዶው እየቀለጠ ስለነበር ከሜዳው ላይ ጉም ተነስቶ የቤቶቹን ግማሽ ውጦታል፤ ጣሪያዎቹ ብቻ በአየር ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። ከእኔ ቤት እስከ አሳማ ቤቱ አራት መቶ እርምጃ ነው። በዚያን ቀን እንዴት እንደ ሄድኩት አላስታውስም። እጄ በሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለው የለኝም።

ታላቅ ወንድሜ በስምንተኛው ረድፍ ጫፍ፣ በተደፋ ባልዲ ላይ፣ ጀርባውን በብረት አጥሩ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ሲሪንጁ ጭኑ ላይ ነው። የክትባቱ ብልቃጥ እንደ ልማዱ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሳወጣው ገና ሙቀት ነበረው። በዙሪያው እናት አሳሞቹ ጎን ለጎን ተጋድመው ተኝተዋል። አንዷም አልተነሳችም።

«ለሚስቱ ለዶሮቴያ ማን ይንገራት?» አልኩ።

«አንተ ነህ እንጂ፤ ወንድሙ አይደለህ?» አለ ፊሊፕ።

«ተኝታ ይሆናል።»

«እንግዲያው እስክትነቃ እንቆይ።»

ቆየን። ሃያ ደቂቃ ያህል ሦስታችንም እዚያ ተቀመጥን። ማራገቢያው ይዞራል፤ አሳሞቹ አንድ ላይ ይተነፍሳሉ፤ ጉሙ በመስኮቶቹ ላይ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ዘካሪያስ አሁን ቀና ብሎ «ቀስ በሉ፣ ትቀሰቅሷቸዋላችሁ» የሚለን መስሎኝ ነበር።

ዘካሪያስ ዴከር ስልሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ እኔን በአራት ዓመት ይበልጠኛል። በእኛ ዘንድ ሰው ሥራውን አይመርጥም፤ ሽማግሌዎች ይመድቡታል። የእሱ ልብ ያለው መጽሐፍ መጠረዝ ላይ ነበር። የአያታችን የመዝሙር መጽሐፍ ጀርባው ተላቆ ሲበታተን በዱቄት ሙጫ አጣብቆ ያዳነው እሱ ነው። የተመደበው ግን አሳማ ቤት ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት አሳማ ጉልበቱን ነከሰችው። እናታችን ቁስሉን እያጠበች «አሳማ እየፈራህ እንዴት ልትሆን ነው?» ብላ ሳቀችበት።

«አልፈራኋትም» አላት። «ሳላስፈቅድ ገባሁባት እንጂ።»

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ወደ አንዷ ሲጠጋ ድምፁን ከእጁ ያስቀድማል። ሁሉንም የሚጠራቸው «እሜቴ» እያለ ነው። ከሌላ ማኅበር አግብቶ ያመጣት ሚስቱ ዶሮቴያ ምላሷ ስል ነው፤ በወጥ ቤት ሴቶች ፊት «ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን እሜቴ ብሎኝ አያውቅም፤ ጆሮዬ አጥሮበት ይሆናል» ትል ነበር።

«መርፌ ልወጋሽ የመጣሁ ቀን እልሻለሁ» ይላታል።

ሕልም አይጠፋውም ነበር። ጠዋት ከጸሎት ስንመለስ፣ ሌላው ስለ ትራክተርና ስለ አየር ሲያወራ እሱ ያየውን ይነግረኛል። አንድ ጊዜ አሳሞቹ በጄምስ ወንዝ በረዶ ላይ በሰልፍ ሲሻገሩ አየ፤ ሁሉም ነጭ ነበሩ፣ አንዳቸውም አልተንሸራተቱም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁሉም በጸሎት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተኝተው ነበር፤ እሱ የሚቀመጥበት አጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «እና አላስነሳሃቸውም?» ስለው «ምን በደሉኝ?» አለኝ።

ስለ እሱ ስጽፍ የማልዘለው አንድ ነገር አለ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አሳሞች ሞቱብን። በማኅበሩ የዘመን መዝገብ ላይ «በአሳማ ቤቱ ኃላፊ በዘካሪያስ ዴከር ቸልተኝነት» ተብሎ ተጽፏል። መዝገቡ የያዘው ግማሹን ነው። የቀረው ግማሽ የእኔ ነው፤ ስሜ ግን እዚያ የለም።

በዚያ ዓመት፣ በመጋቢት፣ እናታችን ሱዛና አረፈች።

አሳሞቹን የገደለው በሽታ ከአፈር የሚመጣ ነው። ባክቴሪያው በጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። የያዘው አሳማ ትኩሳት ይይዘዋል፤ ቆዳው ላይ በማስመሪያ የተሠመሩ የሚመስሉ ቀይ፣ ባለ አራት ጎን ምልክቶች ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይወጣበት ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ለአሳሞቹ ክትባቱን የምንሰጠው በሚጠጡት ውኃ ነበር። ክትባቱ ሕይወት ያለው፣ ግን የተዳከመ ባክቴሪያ ነው። ውኃው ክሎሪን ካለበት ይሞታል። አሳሞቹ ጠጥተው የተከተቡ ይመስላሉ፤ የጠጡት ግን ባዶ ውኃ ነው።

የማኅበሩ ውኃ ኃላፊ እኔ ነኝ። እናታችን ባረፈች ማግስት ከአሥራ አንድ ማኅበራት አራት መቶ ያህል ለቀስተኛ እንደሚመጣ ተነገረን። የቀለጠው በረዶ እስከ ጉድጓዱ አፍ ደርሶ ስለነበር፣ እንግዳ በእኛ ውኃ እንዳይታመም ብዬ ማለዳ ተነስቼ ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን ጨመርኩ። ዘካሪያስ በዚያው ማለዳ ክትባቱን በአሳማ ቤቱ በርሜል በጠበጠ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከአንድ ቀን በፊት መጥቶ «ትንሹ፣ ነገ ውኃህን እንዳትነካብኝ» ይለኝ ነበር። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ሰው ሞቶ እስኪቀበር ድረስ ስለ ሥራ አይወራም። ሥራው ይሠራል፣ በዝምታ ይሠራል፣ እያንዳንዱ የራሱን። ሁለታችን በእናታችን አስከሬን አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ሁለት ቀን ዘመርን። እኔ ስለ ክሎሪኑ አልነገርኩትም። እሱም ስለ ክትባቱ አልነገረኝም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አሳሞቹ መሞት ጀመሩ። የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሃልቨርሰን ከከተማ መጥታ የሞቱትን ገልብጣ አየች፤ ቀዩን ምልክት በጣቷ ነካካችው። ከዚያ ወደ ዘካሪያስ ዞረች። እኔ ከበስተኋላው ቆሜያለሁ።

«የከተብክ ዕለት ውኃው ክሎሪን ነበረበት?»

«ክትባቱን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ» አላት።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«የምመልሰው ግን እሱን ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ በጸሎት ቤት ቆሞ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ሰባኪያችን ኤልያስ ደንቡ እንደሚለው ወደ ወንዶቹ ወንበር ዞሮ «ሌላ የሚናገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ እጄን አየሁ። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ሥር የዛገ ብረት ገብቶ ነበር፤ እሱን ሳይ ቆየሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼ አውቃለሁ። አሁን አንዱም አይያዝልኝም።

አሳማ ቤቱን ወስደውበት ሁለት ዓመት በዝይ ቤት አሠሩት። ፊሊፕ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ማዘዝ አሳፍሮት እንደ ሆነ እንጃ፣ ድምፁን ያወፍር ነበር።

«አጎት ዘካሪያስ፣ ዝይ እኮ እሜቴ አይባልም።»

«ለምን? ሰምታኝ አይደል የዞረችው?»

«የዞረችው ልትነክስህ ነው።»

«እንግዲያው ሰምታኛለች ማለት ነው።»

እነዚያን ሁለት ዓመታት ሳስብ ሁልጊዜ ጭጋግ ነው የሚታየኝ፤ በጭጋጉ ውስጥ ነጫጭ ዝይዎች፣ ከመካከላቸው ጥቁር ኮቱ። ስለ አሳማ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምሽት ላይ ግን መንገዱን አዙሮ በአሳማ ቤቱ ግድግዳ በኩል ያልፍ ነበር። ዶሮቴያ «ለምን ትዞራለህ? እራት ይቀዘቅዛል» ስትለው «ሲተነፍሱ ለመስማት ነው» አላት። እሷም ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ወደ አሳማ ቤቱ መለሱት። ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ክትባት በውኃ ውስጥ አልጨመረም። «ውኃ ለመጠጥ ነው» አለ፤ በመርፌ የሚሰጠውን አስመጣ። አሳማ መርፌ ሲያይ እንዴት እንደሚጮኽ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስት መቶ እናት አሳሞችን በዓመት ሁለት ጊዜ እየያዙ መውጋት ቤቱን በሙሉ ያናጋል። ስለዚህ ዘካሪያስ የራሱን መንገድ ፈለገ። ሰው ሁሉ በሚተኛበት በቀትር ሰዓት አሳሞቹም ጠግበው ይተኛሉ። እሱ የራሱን እንቅልፍ ተወና በዚያ ሰዓት ይከትባቸው ጀመር፤ በቀን ሠላሳ፣ በቀን አርባ፣ ለሳምንታት።

ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ምሳ እስኪበላ ድረስ የሰውነቱን ሙቀት ይይዛል፤ ቀዝቃዛ መድኃኒት የተኛን ያባንናል ይላል። ከዚያ በካልሲ ብቻ ይገባል። መጀመሪያ ድምፁን ይልካል፣ ከመዝሙሮቻችን አንዱን፣ ቃል የሌለው ማጉረምረም አድርጎ። ከዚያ እጁን ከጆሮዋ ኋላ ያሳርፍና ይጠብቃል። እስትንፋሷ ሳይለወጥ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ጀርባዋ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ አጭር መስመር ይስልና ወደምትቀጥለው ያልፋል። ለእያንዳንዱ አሥር አሳማ መርፌ ይቀይራል። አንዳንዷ ዓይኗን ትገልጥና ታየዋለች፤ ከዚያ የማየው ሕልም ነው ያለች ይመስል መልሳ ትከድናለች።

እኔም በቀትር መተኛት እምቢ እያለኝ መጣ። አንድ ቀን ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ምን ትፈልጋለህ አላለኝም። መርፌዎቹ ያሉበትን የቆርቆሮ ሣጥን ሰጠኝ፤ ይዤ ተከተልኩት። እንዲህ ሆኖ አሥራ ስድስት ዓመት ተከተልኩት።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ወለሉ ይቀዘቅዛል።»

«የውኃ ሰው ቅዝቃዜ ይፈራል? አውልቅ። ደግሞ አትንካቸው፤ የአንተ እጅ የሞተ ያስነሳል።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ አናወራም። ብርሃኑ ከመስኮቶቹ ዱቄት መስሎ ይወርዳል። አንዳንድ ቀን እሱ ሲያንጎራጉር እኔ ቆሜ ያሸልበኛል፤ ስነቃ ሦስት ረድፍ አልፎ ሄዶ አገኘዋለሁ። እነግረዋለሁ፣ ዛሬ ስለ ክሎሪኑ እነግረዋለሁ እያልኩ ነው የምገባው። ስወጣ ግን የያዝኩት የመርፌ ቆርቆሮውን ብቻ ነው።

ባለፈው የካቲት፣ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳለን፣ ሕልም አየሁ አለኝ።

«ምን አየህ?»

«የሞቱት ሁሉ ከወንዝ ሲጠጡ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም። ቆጠርኳቸው። ወንዙ ግን ይሸታል።»

«ምን ይሸታል?»

ከተጎነበሰበት ሳይነሳ፣ እጁን ከአንዷ ጆሮ ኋላ እንዳሳረፈ «ያን ቀን የሸተተኝን ነዋ» አለኝ። «ክሎሪንህን።»

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«በርሜሉ ላይ ጎንበስ ስል ሸተተኝ። ብልቃጡን ከፍቼ ጨርሻለሁ፤ የተከፈተ ደግሞ አያድርም። ሄጄ ልጠይቅህ አሰብኩ። አንተ እማማ አጠገብ ተቀምጠህ ነበር። እዚያ መጥቼ ስለ በርሜል ላወራ ነው? ትንሽ ነው፣ አይጎዳም አልኩና ጨመርኩት።» መርፌውን አውጥቶ መስመሩን ሣለ። «የእኔ ነው ያልኩት ውሸት አልነበረም። ግን ግማሹን ነው ያልኩት።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ትናገራለህ ብዬ ነበር።»

ይህን ሲል ቁጣ አልነበረበትም። ስለ አየሩ የነገረኝ ያህል ነው። ከዚያ ወደምትቀጥለው አሳማ አለፈ፤ እኔም ቆርቆሮውን ይዤ ተከተልኩት። ትንሽ ቆይቶ እሱው ቀጠለ።

«ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት አብረን እንቆማለን። ቁርባን ከመቀበላችን በፊት። እርጅና መጣ፣ ትንሹ፤ ግማሽ ነገር ይዤ መቀመጥ አልፈልግም።»

«እሺ።»

«አንተ ትጀምራለህ።»

«አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተ ጀምር።»

«እኔ አንድ ጊዜ ቆሜያለሁ እኮ፤ ተራዬን ጨርሻለሁ። ደግሞ አንተ ስትናገር ትንተባተባለህ። ሲሰለቻቸው እኔ እጨርስልሃለሁ።»

«አልንተባተብም።»

«አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

ሳቅን። አንዲት አሳማ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች፤ ሁለታችንም አፋችንን ያዝን። ወደ ቤት ስመለስ ሜዳው በሙሉ ቀላል ሆኖ ታየኝ፣ በረዶው ከምድር ትንሽ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ያህል። ያን ሳምንት በቀትር ተኛሁ። ከዚያ በኋላም በየቀኑ ተኛሁ። እንቅልፌ ስለ ተመለሰልኝ ከእሱ ጋር አሳማ ቤት መግባት ተውኩ፤ ለዚህ ነው ፊሊፕ ሲመጣ ቤቴ ተኝቼ ያገኘኝ።

ቀብሩ ዓርብ ነበር። ከአሥራ አራት ማኅበራት ሰው መጣ። የውኃ ጉድጓዱ ንጹሕ ነበር፤ ምንም አልጨመርኩበትም። ሰባኪው ኤልያስ የሕይወቱን ታሪክ ከመዝገቡ አነበበ፤ የተወለደበትን፣ የተጠመቀበትን፣ ያገባበትን። ቀጥሎም «በአንድ ወቅት ስለ ቸልተኝነቱ ተገሥጾ፣ በትሕትና የተመለሰ» አለ። ዝማሬውን የምመራው እኔ ነበርኩ። ስንኙን ሰጠሁ፣ ሕዝቡ ተቀበለኝ።

የቀሩትን ረድፎች ሰኞ ዕለት ፊሊፕና ዶክተር ሃልቨርሰን ከተቡ። ጠዋት ነበር፣ አሳሞቹም ቆመው። ጩኸቱ እስከ ልብስ ማጠቢያው ተሰማ። ዶሮቴያ እርጥብ አንሶላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ቧንቧ እያጠበቅኩ ነበር።

«ምን እያደረጓቸው ነው?» አለች።

«እየከተቧቸው ነው።»

ረጅም ጊዜ አዳመጠች። «እሱ ሲከትብ ሰምቼ አላውቅም» አለች። ከዚያ አንሶላውን ሳታሰጣ አጥፋ ያዘችውና «ዮርግ፣ ያንን ቃል ኤልያስ ሊዘለው አይችልም ነበር?» አለችኝ።

«የትኛውን?»

«የትኛውን እንደሆነ ታውቃለህ። ዘካሪያስና ቸልተኝነት። በካልሲ የሚገባ ሰው።»

«መዝገቡ ላይ ያለ ነው» አልኳት።

«አንተ ብታነብ ኖሮ ትዘለው ነበር?»

«አንሶላው መሬት እየነካ ነው» አልኳት። ሰብስባው ገባች።

በእኛ ዘንድ የተጻፈ ኑዛዜ አይቆጠርም። ቆሞ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ በአፍ የተነገረ ብቻ ነው መዝገብ የሚያስለውጥ። ትናንት እሑድ ኤልያስ ወደ ወንዶቹ ወንበር ዞሮ የሚናገር እንዳለ ጠየቀ። አጠገቤ የዘካሪያስ ቦታ ክፍት ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም። አፌ ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ነበረ። ኤልያስ እስከ አሥር የሚያስቆጥር ጊዜ ጠብቆ መጽሐፉን ከፈተ።

ፋሲካ ሊደርስ አንድ እሑድ ቀርቶታል። እኔ አልቆምኩም፣ ለዶሮቴያም አልነገርኳትም፤ መዝገቡም አልታረመም።